የአውራ ጣቴ ዋጋ

ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፣ ሽሮ ሜዳ ላይ እግረኛና መኪና እንዴት እንደሚጋፉ አይጠፋውም። በተለይ ቅዳሜ። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለበዓል የሐበሻ ልብስ ሊገዛ የመጣው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል፤ ባለሱቁ ቀሚሱን እግረኛ መንገዱ ላይ ይሰቅላል፤ እግረኛው ሌላ ምን ያድርግ፣ አስፋልቱ ላይ ይወርዳል። ኅዳር 2009 ዓ.ም. በአንዱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጥልፉን ጨርሼ የተኮስኩትን የሙሽራ ቀሚስ በፌስታል ይዤ ከሱቄ ወጣሁ። ሚኒባሱን አላየሁትም። የረዳቱን ድምፅ ግን ሰምቻለሁ። እንደ ወትሮው "ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ!" አላለም፤ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" ነበር የሚለው።

ቀሚሱ ምንም አልሆነም። ሙሽራዋ በሳምንቱ ተዳረችበት። የእኔ ቀኝ እጅ ግን በሚኒባሱ ጎንና በአንድ የብረት ምሰሶ መሃል ገብቶ፣ አንጓው ተሰብሮ፣ የአውራ ጣቴ ጅማት ተበጥሶ ወጣ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ያኔ 38 ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 17ቱን መርፌ ይዤ ኖሬያለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመታት ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። አብሮኝ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እኔ የሠራሁትን ስህተት ሲሠራ አየሁ። ሁላችንም ዳኛው ሕመማችንን የሚያይልን ይመስለናል። ዳኛው የሚያየው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት፣ ተጎጂው ራሱን እንኳ በቅጡ ባላወቀበት ሰዓት ነው።

አንድ ብሎ የሚጀምረው እዚያው አስፋልት ላይ ነው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ያነሳል፦ መኪናው የት እንደቆመ፣ ሰውየው የት እንደወደቀ፣ የጎማው ምልክት ስንት ሜትር እንደሆነ ለክቶ በንድፍ ያሰፍራል። ከዓመት በኋላ ችሎት ላይ ሁሉም ወገን የሚያገላብጠው ይህችን ወረቀት ነው። በእኛ አገር ግን አደጋ ሲደርስ ሕዝቡ ተጎጂውን ካነሳ በኋላ የሚሮጠው መኪናውን ገፍቶ መንገድ ለመክፈት ነው። ተጎጂ ማንሳት ግድ ነው፤ መኪናው ግን ቢቆይ ማንንም አይገድልም። የእኔን ጉዳይ ያዳነው ፊት ለፊቴ ጫማ የሚሸጥ ወጣት ነው። ሰዉ ሚኒባሱን ሊገፋ ሲል "ቆይ!" ብሎ ታርጋውን፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ስቲከርና ቦታውን በስልኩ አነሳ። ሦስት ፎቶ። በኋላ "እንዴት አሰብከው?" ስለው "ወንድሜ ሹፌር ነው" አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም።

ስለዚያች ስቲከር ትንሽ ልናገር። አገራችን ውስጥ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ነገሩ በአዋጅ የተደነገገው በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ነው፤ እሱን የተካው የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 799 ነው። አንደኛው ወገን ባለመኪናው፣ ሁለተኛው የመድን ድርጅቱ፣ ሦስተኛው ደግሞ እኔና እናንተ መንገደኞቹ ነን። ሳንፈርም የሚጠብቀን ውል ነው። ልክ ግን አለው። እኔ በተገጨሁበት ጊዜ መድን የሚከፍለው ጣሪያ ለሞትም ለአካል ጉዳትም በሰው 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። አዎ፣ ለአጥርና ለመኪና መብራት የተመደበው ለሰው ከተመደበው ይበልጥ ነበር። ጣሪያው ከዚያ ወዲህ ከፍ ተደርጓል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። መድን ድርጅቱ እስከ ጣሪያው ይከፍላል፣ የቀረው ጉዳት በባለመኪናው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው የመድኑን ተቀብሎ ነገሩ ያለቀ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሆስፒታል የደረስነው ወንድሜ ከጎረቤት ገንዘብ ተበድሮ ነው። አዋጁ በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው ድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ፣ ወጪውም በተወሰነ መጠን በመድን እንዲሸፈን ያዛል። ይህን ያወቅነው ብድሩን ከከፈልን በኋላ ነው። ወንድሜ ደግ ሰው ነው፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር ግን ኪሱ ውስጥ አንድ ቀን አያድርም። በስድስት ወር ውስጥ ለሕክምና፣ ለመድኃኒት፣ ለኮንትራት ታክሲ ያወጣነው 18,640 ብር ገደማ ነበር፤ ማስረጃ ያገኘንለት 11,200 ብቻ ነው። ከጎደለው ውስጥ ጥቂቱ የወጌሻ ነው። የአክስቴን ምክር ሰምቼ ጄሶው ከወጣ በኋላ ወጌሻ ዘንድ ሄጃለሁ፤ ወጌሻ ደረሰኝ አይሰጥም።

በሦስተኛው ሳምንት ከመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል አንድ ሰው ደወለልኝ። ትሑት ድምፅ ነበረው። "እንዴት ነዎት?" አለኝ። እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ" አልኩት። ፋይሌ ውስጥ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፦ ተጎጂዋ በስልክ ተጠይቀው ደኅና መሆናቸውን ገልጸዋል። ጠበቃዬ ይህን ስታነብልኝ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የኢትዮጵያ ሰው ደም እየፈሰሰውም "ደኅና ነኝ" ይላል፤ ያን ሰላምታ እንደ ቃል የሚይዝ ሰው ሲደውል ግን ከሰላምታው ቀጥሎ ሕመሙንም መናገር ነው።

ከዚያ በፊት ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። አደጋው በደረሰ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሦስት ነጭ ጋቢ የለበሱ አባቶች፣ ሁለት ሊትር ወተት፣ አንድ ፌስታል ብርቱካንና 15,000 ብር ይዘው ገቡ። "ልጄ፣ ሹፌሩ ልጅ ነው፤ ፈልጎ አላደረገውም፤ የመጣው ከላይ ነው" አሉኝ አንጋፋው። ቡና ተፈላ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ተረታ። 15,000 ብር ዓይኔ ሥር ተቆጥሮ አይቼ አላውቅም። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፤ ተቀበዪ ማለቱ ነው። ከመሃላቸው አንዱ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ "ከእንግዲህ በዚህ አደጋ ምክንያት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም" የሚል። ቀኝ እጄ ጄሶ ውስጥ ነው፤ መፈረም አልችልም። "ግድ የለም፣ የግራሽን አሻራ ታደርጊያለሽ" ብሎ የቀለም ሰሌዳውን ከፈተ።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። በካሳው አይደለም፣ ስለ ካሳ ምን አውቅና! አሻራ? እኔ እኮ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። "እጄ ሲድን በራሴ ፊርማ እፈርማለሁ" አልኳቸው። አባቶች ተያዩ፣ ቡናቸውን ጠጡ፣ መርቀውኝ ሄዱ። አክስቴ ለአንድ ሳምንት አኮረፈችኝ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተከራካሪዎች ተስማምተው የጨረሱትን ነገር ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጥረው። ያች የግራ አውራ ጣት አሻራ አርፋ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች ያለው ታሪክ አይኖርም ነበር። ሽምግልናን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከችሎት ይልቅ ሰውን ከሰው የሚያስታርቅ ሽምግልና ነው። ነገር ግን ሐኪም "ይህ እጅ ከዚህ በላይ አይድንም" ብሎ ሳይወስን ጉዳቱ ስንት እንደሆነ ሽማግሌም፣ ባለመኪናም፣ ተጎጂም አያውቀውም። በጄሶ ላይ የሚደረግ ስምምነት ጨርቁን ሳይለኩ መቁረጥ ነው፤ ይህን ሙያዬ አስተምሮኛል።

ቀጥሎ የወንጀሉ ክስ መጣ። ዐቃቤ ሕግ ሹፌሩን በቸልተኝነት አካል በማጉደል ከሰሰው። እኔ ምስክር ሆኜ ቀረብሁ። የልቤን ልንገራችሁ፣ ካሳው እዚያው የሚወሰን መስሎኝ ነበር። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲጨመር አንድ ዓመት ከስድስት ወር አለፈ። በመጨረሻ የተሽከርካሪ ምርመራ ባለሙያው የፍሬን ዘይት ቱቦው በድንገት ፈንድቶ እንደነበር መሰከረ፤ ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሹፌሩ በነጻ ተሰናበተ። ሰፈሩ ሁሉ "በቃ፣ ነጻ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ምን ልትይ ነው?" አለኝ። እኔም ምንም የምለው አልነበረኝም።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ካሉት ጠባብ የጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ውሳኔውን ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ገብቼ እንባዬ መጣ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

"ልጄ፣ ነጻ የወጣው ሹፌሩ ነው" አሉ። "ባለንብረቱን ማን ነጻ አወጣው?"

ነገሩን ሁሉ የለወጠው ይህ ጥያቄ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081፣ ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው ይላል። አጥፍቷል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ቀጥሎ አንቀጽ 2086 ላይ ባለንብረቱ "እኔ አላጠፋሁም"፣ "ምክንያቱ አልታወቀም"፣ "ላስቀረው አልችልም ነበር" ብሎ ከኃላፊነት እንደማይወጣ ተጽፏል። መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ፣ ወይም ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ብቻ ከሆነ ነው የሚድነው። ፍሬን ስለፈነዳ ሹፌሩ እስር ቤት አልገባም፤ ያ ተገቢ ነው። የፈነዳው ፍሬን ግን የማን ነው? የእኔ አይደለም። አንቀጽ 2149 ደግሞ የፍትሐ ብሔር ዳኛው ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲወስን በወንጀል ችሎት ነጻ የመባል ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል። ሁለቱ መዝገቦች የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ሽማግሌው ቀጥለው አደጋው የደረሰበትን ቀን ጠየቁኝና በጣታቸው ቆጠሩ። "ስድስት ወር ቀርቶሻል" አሉኝ። የካሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ አንቀጽ 2143 ነው። ነገሩ በወንጀል የሚያስጠይቅና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይያዛል የሚልም አለው፤ እሱን ተማምኖ መተኛት ግን ለክርክር በር መክፈት ነው። እኔ የወንጀሉን ውሳኔ ስጠብቅ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በልቻለሁ። መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ለምክራቸው ገንዘብ አልተቀበሉኝም፤ ለፎቶ ኮፒው ግን ተቀብለዋል።

ጠበቃ ያገኘሁት በነጻ የሕግ ድጋፍ ነው። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለአቅመ ደካሞች ነጻ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች እንዲሁ። የእኔዋ ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት የምታንስ ልጅ ነበረች። የዳኝነት ክፍያውን ደግሞ "በደሃ ደንብ" ተብሎ፣ ከወረዳ የአቅም ማነስ ደብዳቤ አቅርቤ ሳልከፍል እንድከስ ተፈቀደልኝ። ደብዳቤውን ለማግኘት የሄድኩበትን ቀን ብዛት አልቆጥረውም።

ክሱ የገባው ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው፤ ጠበቃዬ ፍርድ ቤት ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት ካልገባ ብላ አጣደፈችው። 1ኛ ተከሳሽ የሚኒባሱ ባለንብረት፣ 2ኛ ተከሳሽ የመድን ድርጅቱ። ከክሱ ጋር አንድ ሌላ ማመልከቻም አያይዛ ነበር፦ ሚኒባሱ እንዳይሸጥ፣ ሊብሬውም እንዳይዛወር እግድ ይሰጥልን የሚል። ያን ቀን ትርጉሙ አልገባኝም። ፈርደውልህ የምትይዘው ንብረት ከሌለ ፍርዱ በፍሬም ተሰቅሎ ግድግዳ ላይ የሚቀር ወረቀት ነው፤ እግዱ የተፈቀደልን ቀን ጠበቃዬ ከፍርዱ ቀን ይልቅ ደስ ብሏት ነበር።

ኮሪደር ላይ ብዙ ሰው ይተዋወቃል። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች፤ ባሏን አይሱዙ ገጭቶ ገድሎባታል። ለሟች ሳይሆን በሟች ጥሪት ለሚተዳደሩት ነው ካሳው የሚከፈለው፤ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ወላጆች የጎደለባቸውን መተዳደሪያ ይጠይቃሉ። የጋብቻ ወረቀት ስላልነበራት ሚስትነቷን ለማስረዳት ብቻ ስድስት ወር ፈጀባት። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ሊፍት ተሰጥቶት ሲሄድ የተጎዳ ነበር። በነጻ፣ ለውለታ ብሎ ያሳፈረ ባለመኪና ያለ ጥፋት ኃላፊ አይሆንም፤ ጥፋቱን ማስረዳት የተሳፋሪው ፋንታ ነው። ይህን ሲሰማ "እንግዲህ ሁለት ብር ብሰጠው ኖሮ?" አለ። ሁላችንም ሳቅን። መልሱን ግን ማናችንም አልነገርነውም። ልጇን ማታ ገጭቶት ያመለጠ መኪና የማይታወቅባት እናትም ነበረች። እሷ ያለቦታዋ ነበር የመጣችው፤ ገጪው ባመለጠበት ወይም መድን ባልገባበት አደጋ ለተጎዳ ሰው የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። የፖሊስና የሐኪም ማስረጃዋን ይዛ ወደዚያ ሄደች።

የእኔ መዝገብ ላይ ፍርድ ቤቱ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ እንዲገልጽ ትእዛዝ ሰጠ። ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። አንዱ ጨብጪ አለኝ፤ ጨበጥሁ፤ አውራ ጣቴ ውጭ ቀረች። ሁለተኛው የአንድ ብር ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "አንሺልኝ" አለኝ። ሳንቲሟን በሌባ ጣቴ እየገፋሁ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ወሰድኳት፤ ጠርዙ ላይ ስትደርስ በመዳፌ ተቀበልኳት። "በጣት ነው ያልኩሽ" አለኝ። "በጣት ቢሆን ኖሮ እዚህ ምን አመጣኝ?" ልለው ነበር፤ ዝም አልኩ። ውጤቱ 20 በመቶ ቋሚ ጉዳት ሆነ።

20 በመቶ። ቆሞ ለሚያስተምር መምህርም፣ ለእኔም 20 በመቶ ነው። ቦርዱ የሚለካው እጅን ነው፤ እጁ የሚሠራውን ሥራ የሚያስረዳ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ጠበቃዬ ሁለት የሙያ ጓደኞቼን ምስክር አድርጋ አቀረበች፤ ጥልፍ ያለ አውራ ጣት እንደማይሠራ ተናገሩ። የተሻለው ክርክር ይህ ነበር፣ ግን ዳኛው መቶኛውን አልለወጡትም።

ገቢዬ ላይ ደግሞ ራሴን በራሴ ጎዳሁ። በወር 4,500 ብር አገኝ ነበር፤ እውነት ነው። ደመወዝተኛ ቢሆን ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያመጣል። እኔ ደረጃ "ሐ" ግብር ከፋይ ነበርኩ። ክረምት 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ የአዲስ አበባ ነጋዴ ሁሉ "በዛብን" ብሎ ሲጮህ እኔም ባልዳነ እጄ ወረፋ ይዤ አብሬ ጮኼያለሁ፤ ቅሬታዬ ላይ ገቢዬ ከአደጋው በፊትም ቢሆን በወር ከ2,500 ብር እንደማይበልጥ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። የ1ኛ ተከሳሽ ጠበቃ ያንኑ ወረቀት አውጥቶ ለዳኛው አቀበለ። ምን ልበል? ፊርማው የእኔ ነው፤ ያውም የግራ እጅ ፊርማ።

አደጋው ቦታ የተነሳው ፎቶም ሁለት ስለት ነበረው። ታርጋውን፣ መድኑን፣ ሚኒባሱ ከመስመሩ መውጣቱን አስረዳልን። አስፋልቱ ላይ ስሄድ እንደነበርም አሳየ። የእግረኛው መንገድ በተሰቀለ ልብስ ተዘግቷል ብለን ተከራከርን። እዚያ ከተሰቀሉት ቀሚሶች ሁለቱ የእኔ ነበሩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ፎቶው በተነሳ ቁጥር እነሱን ነበር የማየው።

አንድ ቀን ችሎት እስኪጠራ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። "እጅዎ እንዴት ሆነ?" አለችኝ። ባለንብረቷ ነበረች። እስከዚያ ቀን ባለንብረት ማለት ሆዱ የገፋ ሰውዬ ነበር በአእምሮዬ። ቤይሩት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ የቀረውን በብድር ሞልታ የገዛችው ሚኒባስ ነው። መንዳት አትችልም። በዚያ ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ አልነበረችም፤ ሕጉ ግን ከሁላችንም በፊት የሚጠራው እሷን ነው። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከመኪናው የሚጠቀም ሰው የመኪናውን አደጋም ይሸከም፣ ሌላ ማን ይሸከመው? እዚያ አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ማመን ግን ሌላ ነው። "ደኅና ነው" ልላት አፌ ላይ መጣ። ጠበቃዬ ስታየኝ ዋጥ አደረግሁት። "አልዳነም" አልኳት። "ይቅር ይበሉኝ" አለችኝ፤ ሌላ አልተናገርንም።

ፍርዱ የተነበበው ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 2,500 ብር በ12 ወር 30,000፤ እስከ 60 ዓመቴ የቀረኝ 22 ዓመት፣ 660,000፤ የዚያ 20 በመቶ 132,000 ብር። በደረሰኝ የተረጋገጠው የሕክምና ወጪ 11,200 ሲጨመር 143,200። አስፋልት ላይ በመሄዴ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ አድርጌያለሁ ተብሎ 10 በመቶ ተቀነሰ፤ 128,880። ለሕሊና ጉዳት 1,000 ብር።

አንድ ሺህ ሲባል የተሳሳተ መሰለኝ። አልተሳሳተም። አንቀጽ 2116 የሕሊና ካሳ በምንም ሁኔታ ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም ይላል፤ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር ነው። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ፍርዱ በተሰጠኝ ዓመት አንድ ደህና ጫማ ይገዛ ነበር። ሌሊት ሌሊት በግራ እጄ መርፌ ለመያዝ የተለማመድኩበት፣ ልጄ ቁልፏን እንድዘጋላት መጥታ "ተዪው እማ፣ እኔ እዘጋዋለሁ" ያለችበት ቀን ሁሉ በዚያ ሺህ ብር ውስጥ ነው። ዳኛው ከዚያ በላይ የመወሰን ሥልጣን የላቸውም። ይህን ቁጥር መለወጥ የሚችል ምክር ቤት ነው፤ ከተጻፈ ስድሳ ዓመት አልፎታል፣ መለወጥ ነበረበት።

ድምሩ 129,880 ብር። ከዚህ 40,000ው የመድን ድርጅቱ፣ 89,880ው የባለንብረቷ ዕዳ ሆነ። ያን ቀን ገንዘቡን ይዤ የምሄድ የመሰለኝ እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ወንድሜም ባዶ ቦርሳ ይዞ መጥቶ ነበር። ፍርድ አንድ ነገር ነው፣ አፈጻጸም ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ቀጠሮ። የአፈጻጸም ክሱን በየካቲት ከፈትን፤ መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘጉ። መድን ድርጅቱ ድርሻውን በዚያው ዓመት ከፈለ። ሚኒባሱ በእግዱ ምክንያት ስላልተሸጠ በሐራጅ ሊወጣ ይችል ነበር። ጠበቃዬ መብቴ እንደሆነ ነገረችኝ። ሐራጅ ቢወጣ በግማሽ ዋጋ እንደሚሄድ፣ ብድሩም ገና እንዳለበት ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ስለዚህ ተስማማን። እኔም፣ ባለንብረቷም፣ በዳኛ ፊት፣ ወረቀቱን መጀመሪያ ጠበቃዬ መስመር በመስመር ካነበበችልኝ በኋላ። 20,000 ብር ወዲያው፣ 5,500 በየወሩ ለአሥራ ሁለት ወር፣ የቀረው በመጨረሻ። ሚኒባሱ እየሠራ ከፈለኝ። ሁለት ወር ዘግይታብኛለች፤ አንድ ጊዜ ጎማ ቀይራ፣ አንድ ጊዜ እናቷ ታመውባት። ደውላ ነገረችኝ፤ ታገስኩ።

የመጨረሻው 3,880 ብር የገባው በ2014 ዓ.ም. መስከረም ነው። አሁን ጥልፉን የሚሠሩልኝ ሁለት ልጆች ቀጥሬ እኔ እቆርጣለሁ፣ እለካለሁ። የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ድሮ ክር ነበር የሚቀመጠው፤ ዛሬ ያለው ደረሰኝ ነው። አጠገቤ አደጋ ደርሶ ሰው መኪናውን ሊገፋ ሲል መጀመሪያ ስልኬን አውጥቼ ታርጋውን አነሳለሁ፤ እናንተም አንሱ።